ስለ ተለወጠው ካርቡራተርና ስለ ታሰረው መካኒክ የተሰጠ ቃል

ቀን፦ መጋቢት 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
የምስክሩ ስም፦ ሀብተጊዮርጊስ ባዘዘው
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ቀበሌ 02፣ የቤት ቁጥር 217
ትምህርትና ሥራ፦ በእንስሳት ርባታ የመጀመሪያ ዲግሪ፤ የእንስሳት ክትባት ቡድን ኃላፊ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ላቀው ካሱ

የመንግሥት ሞተር ብስክሌት ካርቡራተር ሰርቋል ተብሎ ስለ ታሰረው መካኒክ ስለ ዳልጮ ኦይታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

ሞተሩን አሥራ አንድ ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ። ዳገት ላይ ኃይል እያጣ ስለ ሄደ ኅዳር 6 ቀን አዲስ አበባ ወደሚገኘው የአስመጪው ወኪል ጋራዥ በጭነት መኪና ላክሁት። የመንግሥት ንብረት በግል ጋራዥ አይፈታም ተብዬ ነው። ከመላኬ በፊት የሞተሩንም የካርቡራተሩንም ቁጥር በደብተሬ ገልብጫለሁ። ዘጠና ስምንት ቀን ሙሉ ለአንዱም ደብዳቤዬ መልስ አልሰጡኝም። የካቲት 14 ቀን ራሴ ሄድሁ። ገብቼ ልየው ብል ደንበኛ አይገባም ተብዬ በመስኮት ተነጋገርሁ። በመስኮቱ የነበረው ሠራተኛ «አባባ፣ ይቺን ለእኛ ከሚያመጧት ለሙዚየም ቢሰጧት ይሻል ነበር» አለኝ፤ ከኋላው ያሉት ሳቁ። ሞተሩን ግን ተሠርቷል ብለው ሰጡኝ።

የካቲት 20 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት የከብት ደስታ በሽታ ክትባት በበረዶ ይዤ ወደ ገረሴ ተነሣሁ። ሞተሩ ሜዳውን በደህና ሄዶ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጠፋ። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት የሚጭነኝ መኪና አላገኘሁም። በረዶው ቀልጦ ክትባቱ ተበላሸ። ከማለዳ ጀምሮ ከብቶቻቸውን ሰብስበው የጠበቁኝ ገበሬዎች ሳያስከትቡ ተመለሱ። እኔ በማግስቱ እስክደርስ በሽታው ቀድሞ ገብቶ ኖሮ በዚያ ሳምንት ሠላሳ አንድ ከብት ሞቷል። ይህ ቁጥር እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ሞተሩን በዚያው ቀን በጭነት መኪና አውርጄ እዚሁ ከተማ ሴቻ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ዳልጮ ጋራዥ ወሰድሁት። በመንገድ ለአንድ ደቂቃ አልተለየሁትም። ዳልጮ የሚሠራው ባለቤቱን አጠገቡ አስቀምጦ ነው። የፈታውን ሁሉ በአፈታቱ ተራ በሙዝ ቅጠል ላይ ይደረድራል፤ ባለቤቱ ከተነሣ መፍቻውን ያስቀምጣል። ሻይ ልጠጣ ብዬ ብነሣ «ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ እኔም አቆማለሁ። ኋላ ዕቃ ጠፋ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?» አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ካርቡራተሩን እንዳወጣ ቅጠሉ ላይ ሳያኖረው «ይሄ የዚህ አይደለም፣ የትንሽ ሞተር ነው» አለ። ቁጥሩን ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት፤ ሌላ ነው። ዳልጮ የነዳጅ መግቢያ ቀዳዳውን በመጠኑ አስፍቶ መልሶ ገጠመው። በማግስቱ ሳይጠፋብኝ ገረሴ ገባሁ።

የካቲት 22 ቀን ነገሩን በዝርዝር ጽፌ ለመሥሪያ ቤቴ አመለከትሁ። ሞተሩን የፈታው ማን እንደሆነም በስሙ ጻፍሁ። ወኪሉ መጋቢት 18 ቀን በደረሰን መልስ፣ ዕቃውን የወሰደው በግል የፈታው ሰው ነው አለ። ለማስረጃም «ሙሉ ዕቃውን አይቼ ያለ ጉድለት ተረክቤያለሁ» የሚል ቅጽ አያያዘ። ዳልጮ ከመጋቢት 20 ቀን ጀምሮ የታሰረው በዚህ ቅጽ ምክንያት ነው።

በቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ዕቃውን ግን አላየሁም። ካልፈረምሁ አንሰጥም ስላሉኝ በመስኮቱ ፈርሜያለሁ፤ ሞተሩን ያወጡልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ብልቃጥ ክትባት ሠራተኞቼን ቆጥራችሁ ፈርሙ እያልሁ የምቆጣ ሰው፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ይህን መናገሬ እኔን ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል ተነግሮኝ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ። የሚጠየቅ ካለ ወኪሉና እኔ ነን። ዳልጮ ኦይታ ይፈታ።

ቃሌ ሲነበብልኝ መስማት አይበቃኝም ብዬ ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የተጻፈው በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሀብተጊዮርጊስ ባዘዘው
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ላቀው ካሱ