ነጩ ቱቦ እና የኦቦ ሆርዶፋ ቅናት

በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ኦቦ ሆርዶፋ ከጊንጪ ገበያ ወደ ጭልሞ ደን የችግኝ ጣቢያ ድንኳኖች ሲመለሱ፣ ሊያዩት ከማይፈልጉት ሰው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። በትከሻቸው የተሸከሙት ቱቦ አዲስ፣ ነጭ፣ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ስለነበር መደበቂያ አጡ።

ሰውየው ቀንዓ ነው። ባኮ ከተማ በአንድ የብረታ ብረት ዎርክሾፕ ሁለት ዓመት ሠርቶ፣ በዚያ ዓመት ለችግኝ ጣቢያው ባለሙያ ሆኖ የመጣ ወጣት ነው። ኦቦ ሆርዶፋ ደግሞ የችግኝ ተካዮቹ አለቃ፣ ካቦ ናቸው። አሥራ አንድ ክረምት ሙሉ ሠራተኛው ከሥራ ሲመለስ የሚሰበሰበው በእሳቸው ድንኳን ነበር። እሳቱ መሬት ላይ ይነዳል፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ግን ጨዋታው የእሳቸው ነበር። ቀንዓ መጣና ከግማሽ በርሜል የብረት ምድጃ ሠርቶ፣ በጥቁር ቱቦ ጭሱን ከራሱ ድንኳን አስወጣ። በሳምንቱ ሰው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ።

ይህንንስ በቻሉት። የገዛ ሚስታቸው ድንቅቱ፣ የሠራተኛው ምግብ አብሳይ፣ እርጥብ ልብሷን ለማድረቅ ብላ እዚያው መዋል ጀመረች። ደረቷን ያማታል፤ የባሏ ድንኳን ጭስ ሳሉን ይቀሰቅስባታል። ኦቦ ሆርዶፋ ይህን ያውቃሉ። ቢያውቁም ሚስታቸው ከዚያ ድንኳን ጉንጯ ቀልቶ ስትወጣ ባዩ ቁጥር ቅናት ያንገበግባቸዋል። እንግዲህ ያን ቀን ቱቦ የተሸከሙት ድንቅቱን ወደ ቤቷ ለመመለስ ነው።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ሆርዶፋ?» አለ ቀንዓ ባርኔጣውን አውልቆ።

«ናጋ፣ ደህና» አሉ ሳያዩት።

«ለምድጃ ነው ቱቦው?»

«ለምን ሊሆን ኖሯል? ምድጃ ያንተ ብቻ ይሁን የሚል አዋጅ ወጥቷል እንዴ?»

«ኧረ የለም፤ ደስ ብሎኝ ነው የጠየቅሁት። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ የአሸንዳ ቱቦ አይደለም? የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት?»

«ቢሆንስ? ያንተ ጥቁር ነው፤ የኔ ነጭ ነው። የትኛው እንደሚያምር ዕውር እንኳ ያውቀዋል።»

«ማማሩስ ያምራል። ነጭ ያደረገው ግን ላዩ ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው፤ በዝናብ እንዳይዝግ። ኃይለኛ እሳት ሲያገኘው ዚንኩ ይጨሳል፤ ያን የተነፈሰ ሰው ትኩሳት ይይዘዋል፣ ደረቱም ይታፈናል። መገጣጠሚያውን ደግሞ ይዩት። በእርሳስ ነው የተጣበቀው። እርሳስ ውሃ ይይዛል እንጂ እሳት አይችልም፤ ይቀልጣል።»

«የሸጠልኝ ቆርቆሮ ሠሪ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ የሠራ ሰው ነው።»

«ለእሳት እንደሚፈልጉት ነገሯቸው?»

ኦቦ ሆርዶፋ ቱቦውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ። አልነገሩትማ። ሆርዶፋ ያን ልጅ ሊኮርጅ ተነሣ እንዳይባሉ ፈርተው፣ «የሚያብረቀርቀውን ስጠኝ» ብቻ ነበር ያሉት። ቅናት እንዲህ ነው፤ ሰውን ቱቦ ከመግዛት አያግደውም፣ ለምን እንደገዛው ከመናገር ግን ያግደዋል።

«ስማ ቀንዓ» አሉ በመጨረሻ፣ «ምቀኛ ነህ። ሰው ሁሉ ካንተ ደጅ እንዳይርቅ ፈርተህ ነው።»

ቀንዓ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሆኖም አክብሮቱን አልጣለም። «ይበሉኝ፤ ታላቄ ነዎት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። አዲስ ቱቦ ድንኳን ከመግባቱ በፊት ሜዳ ላይ እሳት ይነድበታል። ጥቁሩም ቢሆን ሲሠራ የተቀባው ዘይት እስኪቃጠል ይሸታል። እኔም የኔን እንዲሁ ነው ያደረግሁት። እርስዎም ሜዳ ላይ ይሞክሩት።»

ኦቦ ሆርዶፋ አሰቡበት። ሜዳ ላይ ማለት ሰው ፊት ማለት ነው። ይህን ልጅ በሰው ፊት ማሳፈር ደግሞ ከፈለጉ ሰንብተዋል። «እሺ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አስቀድመው ያዘጋጁትን ምድጃ ከድንኳኖቹ ፊት ተከሉ። ነጩን ቱቦ አቆሙበት። ሠራተኛው ተሰበሰበ። ኦቦ ሆርዶፋ ከምድጃው አንድ ክንድ ርቀት ላይ የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካ፣ አስቀመጡና ሚስታቸውን ጠሩ።

«ነይ፣ ድንቅቱ። አልጋሽን የምዘረጋልሽ እዚህ ቦታ ላይ ነው። ተቀምጠሽ ሙቂ።»

ድንቅቱ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ደረቅ ጥድ ነደደ። ጭሱ በቱቦው ሽቅብ ሽው ብሎ ወጣ። «ይህስ ከቀንዓም ይበልጣል!» አለ ሌንጮ የሚባለው ተካይ። ኦቦ ሆርዶፋ ልባቸው አብጦ ወደ ቀንዓ ተመለከቱ፤ ከስንት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ደስታቸው ነበረች።

ሁለተኛው ማገዶ ሲጨመር የቱቦው ግርጌ ጠቆረ። ነጣ ያለ ጭስ ከገላው ላይ ይነሣ ጀመር። ድንቅቱ ሳለች።

«አዴ ድንቅቱ፣ ይነሡ» አለ ቀንዓ።

«አትነሺ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ።

ድንቅቱ ሁለቱንም አየች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብትነሣ የማንን ቃል እንደሰማች ታውቃለች፤ ባሏም ያውቃሉ። ደረቷን በእጇ ደግፋ ተቀመጠች። ቃጠሎን ከመፍራት ይልቅ የባሏን ፊት የምታከብር ሴት ነበረች፤ እኔ እንዲህ ያለውን አክብሮት አላመሰግንም።

አንድ ጠብታ የቀለጠ እርሳስ ጋቢዋ ላይ ጠብ አለ። ሌላ ተከተለ። ኦቦ ሆርዶፋ ያንን አይተው ቱቦውን ቀና ብለው ቢመለከቱ፣ መገጣጠሚያው ተከፍቶ ነበልባል በጎኑ ወጥቷል። ዘለው ክንዷን ይዘው ጎተቷት። ቱቦው ከመካከሉ ታጥፎ ዱካው ላይ ወደቀ።

ማንም አልሳቀም። ድንቅቱን ሳል ያዛትና ቆይቶ ለቀቃት። ኦቦ ሆርዶፋ የተበሳውን ጋቢ ገልጠው አዩት።

«ምቀኛው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ቀናሁብህ፣ ቀንዓ። እሷ አንተ ዘንድ ስትሞቅ እኔ እዚህ ስቃጠል ከረምኩ። አሁን ደግሞ ላቃጥላት ነበር።»

 የመለሰችው ድንቅቱ ነበረች።

«ለመሞቅ ብቻ የምሄድ መሰለህ? እንዴት እንደተሠራ እያየሁ ነበር፤ ለቤታችን እንድትሠራ ልነግርህ። የሱን ስም ባነሣሁ ቁጥር ፊትህን አዞርክብኝ። ለማን ልናገር?»

ኦቦ ሆርዶፋ ቱቦው ከወደቀበት ዱካ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። «እንግዲያው አሁን ንገሪኝ።»

«ጥቁር ላሜራ ነው የሚገዛው፤ ዚንክ ያልተለበጠ፣ ጠርዙ ታጥፎ የተቆለፈ ወይም የተበየደ፣ በእርሳስ ያልተጣበቀ። ከምድጃው የሚነሣው ወፍራሙ ነው። የላይኛው ቱቦ በታችኛው ውስጥ ይገባል፤ የጥላሸቱ ውሃ ወደ ውጭ እንዳይንጠባጠብ። እያንዳንዱ መገናኛ በብሎን ይታሰራል። ሸራውን በሚያልፍበት በኩል ሰፊ ብረት ይገባል፤ ሸራና ቱቦ ፈጽሞ መነካካት የለባቸውም። ጫፉ ከድንኳኑ አናት በላይ ይወጣል፤ ፍንጣሪ እንዳያመልጥ ወንፊት ሽቦ ይለብሳል። በየሳምንቱ ጥላሸቱ ይጠረጋል። እሳት እያለ ደግሞ የድንኳኑ በር ጨርሶ አይዘጋም።» ቀንዓን አየችው። «የረሳሁት አለ?»

«የለም፣ አዴ።»

በቀጣዩ ሳምንት የኦቦ ሆርዶፋ ድንኳን ጥቁር ቱቦ አወጣ። ማገዶው ቀድሞ ከሚፈጀው ግማሹ በቃ። የተካዩ ልብስ ደርቆ ያድር ጀመር፤ የድንቅቱም ሳል እየቀለለ ሄደ። ሰው ሁሉ እንደቀድሞው ወደ እሳቸው አልጎረፈም፤ ለሁለት ተከፈለ። ኦቦ ሆርዶፋ ይህ ትንሽ ከነከናቸው፤ አልደብቃችሁም።

አንድ ቀን ግን ራሳቸው ቀንዓ ድንኳን ገቡ። «ጎጆ ከተማ ያሉት ተካዮች ከዚያው ከጊንጪው ቆርቆሮ ቤት ነጭ ቱቦ እየገዙ ነው አሉ። ብርዱ እዚያ ይብሳል፤ ምድጃው አጠገብ ነው የሚተኙት። ነገ በጭነት መኪና ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ባይሰሙዎትስ? ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» አለ ቀንዓ።

«የዚንኩንና የእርሳሱን ነገር ያንተን ያህል አላውቅበትም» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ። «በቅናት ታውሬ ሚስቴን እሳት አጠገብ አስቀምጬ፣ አትነሺ አልኳት ብዬ እነግራቸዋለሁ።»