የኮቶሃ ጫማ

በረዶው መቅለጥ በጀመረ ሰሞን ፋርማሲስት ነኝና መድኃኒት ላደርስ ወደ ወደባችን ክሊኒክ ጎራ ብል፣ መግቢያው ላይ ሙግት ተነሥቶ ደረስኩ። የሰባት ዓመቷ ኮቶሃ ጫማዬን አላወልቅም ብላለች። ደረቷ ያፏጫል። አያቷ እጇን እንደያዙ አቀርቅረዋል። በዚሁ ሰበብ ሁለት ጊዜ ሳትታይ ተመልሳለች።

«ክሊኒክ በጫማ ሲገባ የት አይታችኋል?» አሉ ሠላሳ አምስት ዓመት ያገለገሉት ነርስ እትዬ ሃትሱዬ። «ነጠላ ጫማው ይኸው ተደርድሮላታል። ቅብጠት ነው!»

ዘንድሮ የተቀጠረችው ወጣቷ ነርስ ሚኖሪ ቀረብ አለች። «እትዬ፣ ቅር ካላለዎት ያየሁትን ልንገርዎት?»

«ንገሪኛ! ከተማ ያስተማሩሽ ለዚህ አይደል?»

«ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጥራዋለች። ቅድም የዓሣ መኪናው ሲያልፍ ወለሉ ሲነቃነቅ፣ ዞራ ያየችው በሩን ነው። ይቺ ልጅ ፈርታለች እንጂ አልቀበጠችም።»

«ርዕደ መሬቱ ካለፈ ዓመት ሆነው። ልጅ ይረሳል።»

አያቷ ቀና አሉ። «አልረሳችም። ቤታችን ሲፈርስ በባዶ እግሯ በተሰባበረ መስታወት ላይ ሮጣ ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲህ ስትተኛም አታወልቀውም። ነውር መስሎኝ ደበቅኋችሁ።»

ካርዷን አይቼዋለሁ፤ «እምቢተኛ» ይላል። ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

«ያሳዝናል» አሉ እትዬ ሃትሱዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ለአንዷ ብለን ደንብ ብናፈርስ ነገ ሁሉም ጭቃውን ይዞ ይገባል።»

«ደንቡ የወጣው ለጭቃው ነው፤ ጭቃ ደግሞ ይጠረጋል።» ሚኖሪ ትንሽ አመነታች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከርዕደ መሬቱ ወዲህ ሲተኙ ከራስጌዎ ምን ያስቀምጣሉ?»

«ባትሪ።»

«ሌላስ?»

ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል። እትዬ ሃትሱዬ የኮቶሃን እግር አየት አድርገው፣ «ጫማዬን» አሉ።

ከዚያ ገብተው እርጥብ ጨርቅ ይዘው ወጡ፤ በልጅቷ ፊትም ተንበረከኩ።

«የኔ እመቤት፣ አላስወልቅሽም። ሶሉን ብቻ ልጥረግልሽ? እምቢ ካልሽ አልነካውም።»

ኮቶሃ ትክ ብላ አየቻቸው። «ጉልበትዎ ጮኸ» አለች።

«ዘይት አልቆበት ነው።»

ቀኝ እግሯን ዘረጋችላቸው። ያን ቀን ደረቷ ተደመጠ፤ መድኃኒቷንም እኔው ሰጠኋት።

አሁን መግቢያው ላይ እርጥብ ጨርቅ አይታጣም። ካርዱ ላይ «እምቢተኛ» መጻፍ ቀርቶ «ምን ደርሶበት ነው? ምንስ ያስፈራዋል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሐኪም ሲሸሹ የከረሙ ሦስት ልጆች ተመልሰው መጥተዋል፤ ወለሉም አልቆሸሸም። ከልጅነት የቀረ የድንጋጤ ቁስል ደም ስለማይወጣው ባለጌነት ይመስላል። ጠይቆ የሚረዳው ካገኘ ግን ሕክምናው ከዚያው ይጀመራል።

በአራተኛው ቀጠሮዋ ኮቶሃ መግቢያው ላይ ተቀምጣ የግራ ጫማዋን ፈታችና ለእትዬ ሃትሱዬ ሰጠቻቸው።

«አንዱን ብቻ» አለች። «እስክጨርስ ይያዙልኝ። የትም እንዳይሄዱ!»

እትዬ ሃትሱዬም ጫማውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ምርመራው እስኪያልቅ ከአጠገቧ ቆመው ጠበቋት።