የተቆለፈው መታጠቢያ ቤት

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር የፈረንጆች ቤት ዘበኛ ነበርሁ። ባልና ሚስቱ፣ አውሬ የምትወደው ትንሿ ልጃቸውም፣ መታጠቢያ ቤታቸውን ቆልፈው ጠዋት ጠዋት ሳሙና ይዘው ጣና ይወርዳሉ። ይህን የሰማው የቀበሌ ሊቀመንበር ለፍተሻ መጣ። «መሣሪያ ደብቀው ከሆነ አንተም እስር ቤት ትገባለህ» አለኝ። ውስጥ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር።

ልጅቷ ቁልፉን አምጥታ ከፈተችልን። ገንዳው ውስጥ አዞ የሚመስል አንድ ትልቅ አርጃኖ፣ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ምላሱን ያወጣል። ሊቀመንበሩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አይጩሁ፤ ይፈራል» አለችው። «እግሩ እስኪድን ገንዳውን ለቀንለት ነው።»

«እሱ ነው የሚፈራው?» አለ ሊቀመንበሩ፣ ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ይዞ።

ከዚያ ወዲህ በአጥራችን ባለፈ ቁጥር ስለ መሣሪያ አንስቶ አያውቅም። «እግሩ ዳነ?» ይለኛል።