ውሃው መጉደል የጀመረ ዕለት

ወንጌላዊት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ የይጁቤው ሚኒባስ እስኪሞላ ስትጠብቅ፣ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። ቀና ብላ ስታይ ጋሽ አምሳሉ ናቸው። እናቷ በምትኖርበት፣ ከይጁቤ ወጣ ባለች መንደር የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው። እሷ ደግሞ ስታቲስቲክስ ተምራ፣ በየመንደሩ ማጠራቀሚያ ላይ ከተተከሉ መለኪያዎች የሚላከውን የውሃ ልክ በየቀኑ የምትከታተል ባለሙያ ናት። ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እናቷ ወገብ እንደ ወጉ ተጠያየቁ።

«እሑድ ትመጫለሽ?» አሉ ጋሽ አምሳሉ። «ስብሰባ አለን። ያችን ያለምወርቅን ከቦኖ ጥበቃው እናሰናብታታለን። ሌሊት ሌሊት ለአረቄ አውጪዎች እየከፈተች ማጠራቀሚያውን አራቆተችው። ባለፈው የገበያ ቀን ሌባ መሆኗን በሰው ፊት ነግሬያታለሁ።»

ወንጌላዊት ደሟ ፈላ። ያለምወርቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች የጥበቃ ሥራ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሽ አምሳሉ፣ ስትከፍት ያያት ሰው አለ?»

«ማየት ምን ያደርጋል? ውሃው ጎደለ፤ ቁልፉ እሷ እጅ ነው። አለቀ!»

«መቼ ነው መጉደል የጀመረው?»

«እሱን ማን ያውቃል። እኛ የምናየው በየወሩ በማርያም ዕለት ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ ኮሚቴው አብሮ ሄዶ ክዳኑን ከፍቶ ያያል። አባቶቻችንም ምንጩን የሚያዩት በዚያው ቀን ነበር።»

የሚያናድደው ይኸው ነው። በዚያች መንደር የማርያም ማኅበር በወር በወሩ ይደገሳል፤ በዋዜማው ደጋሹም ረዳቱም እንስራውንና በርሜሉን ሲሞላ ያመሻል። እንግዲህ ኮሚቴው ዓመቱን ሙሉ ውሃውን ሲያይ የኖረው የሚጎድልበትን ቀን መርጦ ነው። በሌላው ቀን ምን እንደሚመስል አንድም ያየ የለም። አለማወቁስ ይሁን፤ ሳያውቁ ሰው በአደባባይ ሌባ ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

«እኔኮ ውሃው ጎድሏል ብዬ ሁለት ጊዜ መልእክት ልኬልዎት ነበር» አለች።

«ደርሶኛል። መለኪያው ተበላሽቷል ብለን ተውነው። ብረት ከሰው በልጦ ያውቃል እንዴ?»

ወንጌላዊት ስልኳን አውጥታ አንድ ረጅም መስመር አሳየቻቸው። «ይህ ውሃው በየንጋቱ የደረሰበት ልክ ነው። ሌሊት የሚቀዳ ስለሌለ ሲነጋ ሞልቶ ይገኛል። እነዚህ ጎድጎድ ያሉት የበዓል ዕለት ንጋቶች ናቸው፤ ወዲያው ተመልሰው ይሞላሉ። ከኅዳር ወዲህ ቀስ እያለ የሚወርደው በጋው ነው፤ አምናም ካቻምናም እንዲሁ ወርዷል። ከሁለቱም የሚያሰጋ የለም። አሁን ይህችን ይዩልኝ። ከጥምቀት በኋላ በአንድ ሌሊት ዘጭ አለ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።»

«ያኔ ነዋ መስረቅ የጀመረችው!»

«ሌባ ቢሆን አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ጥቂት ይወስዳል፤ ሰው ሲበዛ ይፈራል፤ ሲታመም ይቀራል። ይህ ግን በዓልም ይሁን ጾም በየሌሊቱ ያንኑ ያህል ነው። በሬዎ አንድ ቀን ቢያነክስ ጠጠር ወግቶት ይሆናል ይላሉ። ከአንድ ቀን ጀምሮ ሳያቋርጥ ቢያነክስስ?»

«በሽታ ገብቶበታል እላለኋ።»

«እረኛውን አይገርፉማ!»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ጋሽ አምሳሉ ግን ፊታቸው ተኮሳተረ። ወንጌላዊት ወደ ኋላ አላለችም።

«ያለምወርቅ ለእህቷ ተዝካር ደብረ ወርቅ በሄደች ጊዜ ቁልፉ ማን ዘንድ ነበር?»

«እኔ ዘንድ።»

«በእነዚያም ሌሊቶች ውሃው እኩል ጎድሏል።»

«አንቺ ልጅ!» ብለው ጮኹ። «እኔን ነው ሌባ የምትይ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኔስ አላልኩም። ግን ቁልፍ የያዘ ሁሉ ሌባ ከሆነ እርስዎም አይቀርልዎትም። አሁን የተሰማዎት ስሜት እሷን በገበያ ሕዝብ ፊት ነው የተሰማት።»

መኪናው ተነሥቶ ብዙ ተጓዘ። ጋሽ አምሳሉ በመስኮት ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ከጥምቀት በኋላ ነው ያልሽኝ?» ብለው ጠየቁ። «በዚያ ሳምንት ነው የመንገድ ቁፋሮው ማሽን በቧንቧችን ላይ ያለፈው።»

አዲሱ መንገድ ቧንቧውን የሚያቋርጥበት ቦታ ሲደርሱ አብረው ወረዱ። ዙሪያው ማሳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከመንገዱ ሥር ግን አንድ ቦታ ሣሩ ለምልሟል። ጋሽ አምሳሉ ዱላቸውን መሬቱ ውስጥ ሰደዱት። ሲነቅሉት ውሃ ተከትሎ ወጣ። እዚያው ቁጭ አሉ።

«ልጆቻችን ቦኖው ደረቀ ብለው ከወንዝ እየቀዱ ሆዳቸውን ሲታመሙ ከረሙ» አሉ። «ውሃችን ግን እዚህ ሣር ያበቅላል።»

በማግስቱ ቧንቧው ተቆፍሮ ተጠገነ። ጋሽ አምሳሉም ያለምወርቅ ቤት ሄደው እሑድ በስብሰባው ስሟን እንደሚያጠሩላት ነገሯት። ያለምወርቅ እንዲቀመጡ እንኳ አልጋበዘቻቸውም።

«ሌባ ያሉኝ በስብሰባ አይደለም» አለቻቸው። «በገበያ ነው።»

በገበያው ቀን ሽማግሌው ሌባ ባሏት በዚያው ቦታ ቆሙ። ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱና ሕዝቡን ጸጥ አሰኙ።

«ወገኖቼ፣ ያለምወርቅን ሌባ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ዋሽቻለሁ። ሳላውቅ ነው ብዬ አላመልጥም፤ ንገሩኝ ሳልል ተነግሮኝ ነበር። ከእንግዲህ ውሃው በየንጋቱ ይታያል። አንድ ቀን ጎድሎ ከተመለሰ በዓል ነው፣ እንተወዋለን። በየዓመቱ በዚያው ወራት ቀስ እያለ ቢወርድ በጋ ነው፣ ቆጥበን እንቀዳለን። በአንድ ቀን ወርዶ እዚያው ከቀረ ግን የተሰበረ ነገር አለ፤ ያን ዕለት ምን እንደሆነ ጠይቀን ሳናድር እንቆፍራለን። እንዲህ ብናደርግ ኖሮ ውሃችን ባልፈሰሰ፣ ልጆቻችን ባልታመሙ፣ ይህችም ሴት ባልተዋረደች።»

ሕዝቡ ወደ ያለምወርቅ ዞሮ ይቅር ብያለሁ እስክትል ጠበቀ።

«ሰምቻለሁ» አለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በቦኖው ተሰልፈው ወደሚጠብቋት ሴቶች ሄደች። ይቅር ማለቷን ግን ማንም አልሰማም፤ በይ እንጂ ብሎ ሊያስገድዳት የደፈረም አልነበረም።