ውጭ ይበሉ የነበሩት ቀለም ነካሪዎች

አባባ ሰማያዊ በስተርጅና ቅናት ያዛቸው፤ ያውም በጎረቤታቸው በወጣቷ አስተማሪ። ስሙ የወጣላቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር ቀለም ሲነክሩ ጥፍራቸው ሰማያዊ ሆኖ ስለቀረ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ደጃቸው ላይ ተኮልኩለው የጦጣና የአንበሳ ተረት ይሰሙ ነበር። አስተማሪዋ በረንዳዋ ላይ ስለ እኩልነት ትግል ታሪክ ማንበብ ስትጀምር ግን ልጆቹ ጠቅልለው ወደ እሷ ሄዱ። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባቸው የገዛ ልጅ ልጃቸው ከፊት ረድፍ መቀመጧ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያጮልቁ እንደሚያመሹ ቢጠየቁ መቼም አያምኑም።

አንድ ቀን ሁለቱ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ፊትና ኋላ ሆነው ተገናኙ። ሽማግሌው ሰላምታውን ሳይጨርሱ የእኔ ተረት ምን ጎደለውና ነው አሉ። አስተማሪዋ ምንም እንዳልጎደለው፣ እንዲያውም ልጆቹ ጦጣዋን እያነሱ እንደሚያስቋት ነገረቻቸው። ይህ ደስ አላቸው፤ ግን አልበቃቸውም።

«ልጄ፣ አንዱ በዚህ በር አትግባ ተባለ፣ ሌላዋ አትመርጪም ተባለች እያልሽ የሕፃን ሆድ ማስባስ ምን ይሉታል? ቂም ነው የምታስተምሪያቸው።»

«ቂም እንዳይሆንማ አብረው የቆሙትንም እነግራቸዋለሁ፣ አባባ። በሩ ድሮም ለሁሉም ክፍት የነበረ ከመሰላቸው፣ ነገ ሲዘጋ ዝም ብለው ያያሉ።»

«እኔ ይህን ሁሉ ሳልሰማ አደግኩ። ምን ሆንኩ?»

አስተማሪዋ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ባለፈው ሳምንት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የሆነውን ነገረቻቸው። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ልጅ ምሳዋን ይዛ ወደ ጠረጴዛ ስትቀርብ፣ የእሳቸው የልጅ ልጅ ውጭ ደረጃው ላይ ሄዳ እንድትበላ ነግራታለች።

«ለምን ብዬ ጠየቅኋት። ‹እንደነሱ ያሉ ሰዎች ውጭ መብላት ይወዳሉ፤ አያቴ ቀለም ነካሪ እያለ ይወድ ነበር› አለችኝ። ክፋት የላትም፣ አባባ። የነገሯትን አምና ነው።»

ሽማግሌው ወረፋው ሲያልፋቸው አላወቁም። የልጅ ልጃቸው የደገመችው የእሳቸውን ቃል ነው። ፋብሪካው ቀለም ነካሪዎችን ብርጭቆ ታቆሽሻላችሁ ብሎ ከምግብ አዳራሹ አግዶ፣ በፍሳሹ ቦይ ዳር ነበር የሚያበላቸው። ይህን ለልጅ መናገር አሳፍሯቸው፣ ነፋሱን ስለምንወድ ነው ብለው ነበር።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዳቧቸውን እንደያዙ አስተማሪዋ በረንዳ ላይ ወጡና ለልጆቹ ሁሉንም ተናገሩ። አንድ ቀን አራት ቀለም ነካሪዎች ተነሥተው አዳራሹ ውስጥ እንደተቀመጡ፣ ሸማኔዎቹም ቦታ እንደለቀቁላቸው አወሩ። የልጅ ልጃቸው እጇን አወጣች።

«አያቴ፣ አንተስ ያን ቀን ገባህ?»

«አልገባሁም። ፈራሁ። አራቱ ከሥራ ተባረሩ። በወሩ እገዳው ሲነሣ ግን እነሱ ባስከፈቱት በር ገብቼ በላሁ።»

እንግዲህ ልጅ የሚማረው ከድል ብቻ አይደለም። መብት በሰው ልፋት እንደመጣ ያወቀ ልጅ ይጠብቀዋል፤ ውርደትን የራስ ምርጫ አስመስለው የነገሩት ግን ሳያውቅ ሌላውን ያዋርዳል። አባባ ሰማያዊ ይህ ገብቷቸዋል። ቅናቱ ለቀቃቸው ማለት ግን ውሸት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከአስተማሪዋ ጋር ቀን ተካፍለው ሲያወሩ፣ በማን ቀን ብዙ ልጅ እንደመጣ ይቆጥራሉ።

አባባ ሰማያዊ በረንዳው ላይ በተናገሩ ማግስት፣ በምሳ ሰዓት የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ማንም ሳይነግራት ወደ ደረጃው አመራች። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ተከትላት ወጣችና ይቅርታ ጠይቃ፣ ውስጥ ቦታ ይዤልሻለሁ አለቻት።

«ግድ የለም፣ እኔ ውጭ እወዳለሁ» አለች ልጅቷ፣ አንገቷን ደፍታ።

«አያቴም እንደዚያ ይል ነበር» አለቻትና ምሳ ዕቃዋን አንሥታላት፣ እጇን ይዛ አስገባቻት።