እስኪመረቅ የተሸፈነው የመኪና ቻርጀር

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ ካሱ ዛራ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ
አድራሻ፦ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት

"ይህ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ግንባታው የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ ካሉት ጋር በአንድ ቀን በክብር እንግዶች እስኪመረቅ ድረስ አገልግሎት አይሰጥም።" በአዲሱ ቻርጅ ማድረጊያ በር ላይ ቃል በቃል የተለጠፈው ይህ ነው። ቃሌ ሲጻፍ አንድም ፊደል እንዳይጎድል አሳስቤያለሁ።

ባለቤቴ ወ/ሮ ልክነሽ ካምባ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ወደዚያ ከተዛወረች አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛሁት በአርባ ምንጭ፣ በገረሴና በካምባ ቻርጀር እንደሚተከል በይፋ ስለተነገረ፣ በየሳምንቱ እሷ ዘንድ ለመድረስ ነው። ሦስቱም ከመስከረም ጀምሮ ተተክለው በሸራ ተሸፍነዋል። የቤቴ መስመር ደካማ ስለሆነ ተሰክቶ ያደረ መኪና የገረሴን ዳገት ቢወጣ እንጂ ካምባ አይደርስም። መርማሪው በአውቶቡስ ለምን እንደማልሄድ ጠይቀውኛል። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ የካምባ አውቶቡስ ሄዷል።

የካቲት 7 ቀን፣ የቅበላ ዋዜማ፣ ልክነሽ በስልክ "ጾሙ ሳይገባ ካልመጣህ ከጎረቤት ጋር እቀበላለሁ። ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው መኪናህን?" ብላ ሳቀችብኝ። ስልኩን ግን ቶሎ አልዘጋችም።

ከቀኑ 7፡00 ሰዓት ላይ ከጫሞ ዳር የገዛሁትን ዓሣ በበረዶ ይዤ ወደ ቻርጅ ማድረጊያው ሄድኩ። ሪባኑን በጥሼ ሸራውን ገለጥኩ፤ ይህን አልክድም። ኃይል መኖሩን በመለኪያ አረጋገጥኩ። ገመዱን ይዤ ስዞር ጥበቃው አቶ ጉታ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ሰው፣ ዱላቸውን ጥለው ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጩ፤ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው በእኔና በመኪናው መካከል ተንበረከኩ።

"ኢንጂነር፣ አንተ ሚስትህ ዘንድ ትደርሳለህ፤ እኔ ሰኞ ለኃላፊው ምን ብዬ እመልሳለሁ?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ በማርያም ይነሱ።"

"አልነሳም። ከቻልክ ተሻገረኝ።"

የጋሞ ልጅ ነኝ። ሽማግሌ ተንበርክኮ የያዘውን ሣር የሚሻገር እግር የለኝም። ገመዱን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ዓሣውን ለእሳቸው ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ።

ለፖሊስ ያመለከተው የቻርጅ ማድረጊያው ኃላፊ ነው። ጥበቃው አስገብቶታል ማለቱ ሐሰት ነው። ያስቆሙኝ አቶ ጉታ ብቻ ናቸው፤ የሪባኑ ጥፋት የእኔ ነው።

ትናንት ለልክነሽ ስደውል ስለ ቅበላው አንድም ቃል አልተናገረችም። "ለፋሲካስ?" ብቻ አለችኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን አለ።

ስለዚህ ሦስቱ ቻርጀሮች የሚከፈቱበትን ቀን ኃላፊው እስከ መጋቢት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቀኝ እጠይቃለሁ። በቃል የሚሰጥ መልስ አልቀበልም፤ ለባለቤቴ የማነብላት ወረቀት እፈልጋለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ፣ ያየሁትና ያደረግሁት ብቻ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________