መርፌው መሃል ላይ ነበር

ክብርት ኃላፊያችን ወይዘሮ ማኅሌት፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ከሥራ ቀናችሁ ግማሹን ቆርሳችሁ ጡረታ ለሚወጣ አንድ ሾፌር ስለሰጣችሁ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። የሸለማችሁኝ ጋቢ ያምራል። ግን ገና አልደርበውም፤ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። ንግግሬን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ሐሳባችሁን ልትለውጡ ትችላላችሁ።

አትሳቁ። ቀልድ አይደለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ስለ ሠላሳ አንዱ ዓመት አላወራም። የማወራው ከሎሚ ብዙ ስለማትበልጥ አንዲት ክብ ነገር ነው። በአሮጌዋ ፒካፓችን መሪ አጠገብ የተገጠመችው የሞተር ሙቀት መለኪያ፣ ጌጅ። ለብዙዎቻችሁ ሰዓት ትመስላችኋለች። የመዝገብ ቤታችን ወይዘሮ ሸዋገነት እንኳ አንድ ቀን፣ «አቶ ፈይሳ፣ ሰዓትዎ ቆሟል፤ ያሠሩት እንጂ» ብለውኛል።

በሁለት ሺህ ስምንት ፒካፗን ሁለት ሾፌሮች እንፈራረቅባት ነበር። እኔና ዓብዲሳ። ኦቦ ዓብዲሳ ልበል እንጂ፣ መድረክ ነው። ያው፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን ችግኝ ጭኖ የጭልሞን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጋለ፤ ቴስታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰነጠቀ። ኮሚቴ ተቋቋመ።

«መርፌው መሃል ላይ ነበር» አለ ዓብዲሳ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የድሮውን የሙቀት መርፌ ማለቱ ነው።

ሳቅን። ሞተር ተቃጥሎ መርፌው መሃል ላይ?

ኮሚቴው ውስጥ ልምድ ያለው ሾፌር ተብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል የኔ ነው። ፈርሜበታለሁ። ዓብዲሳ ከመሪው ወርዶ የአካፋና የዶማ መጋዘን ጠባቂ ሆነ።

ፒካፗ ተጠግና ለኔ ብቻ ተሰጠች። መካኒኩ ፈዲሉ፣ ጋራዡ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው፣ «ጋሽ ፈይሳ፣ ቁጥር ያለው ጌጅ እንግጠምላት» አለኝ።

«ምነው፣ አሁንም ታማለች?»

«የታመመ ሁሉ ይናገራል እንዴ?»

ከጌጇ ቀጭን የመዳብ ቱቦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የጣት አንጓ የምታክል ጉጥ አለች። ፈዲሉ ከመግጠሙ በፊት ጉጧን በሚፈላ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነከራት። መርፌዋ ዘጠና ሦስት ላይ ቆመች።

«ተበላሽታለች» አልኩ። «ውሃ የሚፈላው በመቶ ነው። ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ።»

«አስተማሪዎ የባሕር ጠረፍ ሰው ነበሩ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። «አምቦ ከፍታ ላይ ናት ጋሼ። እዚህ ውሃ በዘጠና ሦስት ይፈላል።»

የተወለድኩባት ከተማ። ውሃዋ በስንት እንደሚፈላ አላውቅም ነበር። ሌላስ ምን አላውቅ ይሆን?

የሞተሩን ውሃ አፈሰሰ፤ ቴስታው ላይ አንድ ቡሎን ፈታ፤ በቦታው ጉጧን አሰረ፤ ቱቦውን አሾልኮ ጌጇን ፊቴ አመጣት። ውሃ ሞልቶ አስነሳ። አርባ። ስድሳ። ሰማንያ ሁለት። እዚያ መርፌዋ ቆም አለች፤ ከዚያ ዝቅ አለች።

«አሁን ውስጥ በሩ ተከፈተ» አለ ፈዲሉ። «የራዲያተሩ ውሃ እየገባ ነው።»

በር! ሃያ ሁለት ዓመት ከሞተር ኋላ ተቀምጬ በር እንዳለው አላውቅም። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሳለች ሐኪሟ የልጄን የልብ ትርታ ያሰማችኝ ቀን ብቻ ነው እንደዚያ የደነገጥኩት። አንድ ነገር እዚያ ውስጥ ይኖር ነበር። እኔ ሳላውቅ።

በሳምንቱ ችግኝ ጭኜ ጭልሞን ወጣሁ። ዘጠና አምስት። መቶ። መቶ ስምንት። የድሮውን መርፌ አየሁት። መሃል ላይ ነበር። ንቅንቅ አላለም።

ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁ። ጥዱ ውስጥ ወፍ ይጮኻል። ዓብዲሳ እውነቱን ነበር።

ይኼ ግማሹ ነው። ከጭልሞ ስመለስ ፈዲሉ ራዲያተሩን ሲፈታ ቱቦዎቹ በነጭ ድንጋይ ተደፍነዋል። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ውሃ ነው የሚሞሉት?»

«እንጃ» አልኩ።

አውቃለሁ። እኛ አምቦዎች በምንጫችን እንመካለን፤ ሆድ ያሽራል፣ ገላ ያጠራል እንላለን። ለሞተርም ይበጃል ብዬ፣ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ከምንጩ በጀሪካን እየቀዳሁ የሞላሁት እኔ ነኝ። ዓብዲሳ የቧንቧ ውሃ ነበር የሚሞላው። እቀልድበት ነበር። ሞተሯን ያጋለው ድንጋይ የኔ የምንጭ ውሃ የተወው ነው።

ዘጠኝ ዓመት «እንጃ» እንዳልኩ ኖርኩ። ትናንት መጋዘን ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። አካፋ እየደረደረ ሰማኝ።

«ስንት ደርሳ ነበር?»

«መቶ ስምንት።»

«ያኛው መሃል ላይ ሆኖ?»

«መሃል ላይ ሆኖ።»

አካፋውን አስቀመጠ። «ፈይሳ፣ ይኼን ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እኮ አውቀዋለሁ። የማያውቁት የሳቁት ናቸው።»

ስለዚህ ነገርኳችሁ። ዛሬ ጠዋትም ጽፌና ፈርሜ ለወይዘሮ ሸዋገነት ሰጥቻለሁ፤ ያ ቃል ከፋይሉ ይውጣ፣ ዓብዲሳም ወደ መሪው ይመለስ ብዬ። ወይዘሮ ማኅሌት፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው።

ዓብዲሳ፣ ይቅር በለኝ። እዚህ መልስ አልጠይቅህም፤ ሰው ፊት የተለመነ ሰው እንቢ ለማለት ያፍራል። ስንወጣ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ሳትጨብጠኝ ብታልፍም አልቀየምህም።

እናንተ ወዳጆቼ፣ የተከላችሁት ይጽደቅላችሁ። ዳገቱ ይቅለልላችሁ። ሰው ያየውን ሲነግራችሁ፣ ከመሳቃችሁ በፊት መንገዱን ሄዳችሁ የምታዩበት ልብ ይስጣችሁ። የበደላችሁትንም ሰው፣ በሕይወት ሳለ አግኙት።

ነጋን ጅራዻ። በሰላም ኑሩ።